ውሃ የያዘ ብረት

ሰኔ 4

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ጠዋት ጋሪዬን ገፍቼ ወጣሁ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሞልቼ ተመለስኩ። የሱቅ መዝጊያ ላሜራ፣ የተጣመመ ፌሮ፣ ሆዱ የወጣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ጎማው የጠፋ ብስክሌት። ግቢ ውስጥ አራገፍኩ። በላሁ። ጋደም አልኩ። ተነስቼ ለየሁ። አለቀ።

ይህን የምትጽፈው ባለቤቴ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። እሷ ልጃችንን ከዳርን በኋላ ነው የጎልማሶች ትምህርት ቤት የገባችው። ያኔ ስቄባታለሁ። "ደብተር ይዘሽ ስትሄጂ የሰው ዕቃ የሰረቅሽ ትመስያለሽ" ብያታለሁ። አሁን እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አፌን እከፍታለሁ። ማን ይስቅ እንግዲህ?

ነገሩ የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ያ ትልቁ የመዳብ ድስት የመጣው አምና ነው አልኩ። ካቻምና ነው አለች። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በመጨረሻ "ከዛሬ ጀምሮ የዋልክበትን ተናገር፣ ልጻፈው። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚዋሽ ደብተሩ ይናገራል" አለች። ደብተሩ የምራቴ ነው። ምራቴ ልብስ ሰፊ ናት። ፊት ፊቱ ላይ ያለው የሰው ወገብና የትከሻ ልክ ነው። ከእሱ ቀጥሎ እኔ።

ሰኔ 7

ሰው ቁራሌው ይለኛል። ይበለኝ። ግን በየመንደሩ እየጮኸ ያገኘውን ሰብስቦ በደፈናው የሚሸጥ ሌላ ነው፣ እኔ ሌላ ነኝ። እኔ ቤቴ አምጥቼ እለያለሁ። ብረት ለብቻ፣ አሉሚኒየም ለብቻ፣ መዳብና ነሐስ በሩ ስር፣ ከዓይኔ ሳይርቁ። በገመድ ያሰርኩት ማግኔት አለኝ። እሱ ጎትቶ የያዘው ብረት ነው። ያልያዘውን በሞረድ ቧጨር አድርጌ ቀለሙን አያለሁ። ይህን ማንም ይችላል።

ማንም የማይችለው ቀጥሎ ያለው ነው። ቱቦ ነገር ሁሉ ይንኳኳል። የአልጋ እግር፣ የበር ቋሚ፣ የወንበር ጀርባ፣ በያጅ ሁለቱንም ጫፍ የደፈነው ቱቦላሬ... ውስጡ አይታይም። መርፌ በምታስገባ ቀዳዳ የዝናብ ውሃ ገብቶ ዓመት ይቀመጣል። ያንን ሳያውቁ እቶን ውስጥ ከጨመሩት፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ የቀለጠውን ብረት ይዞ ነው የሚወጣው። ሰው ላይ። ስለዚህ በመዶሻ አንኳኳለሁ። ባዶ ከሆነ ይጮኻል። ውሃ ከያዘ ዝም ይላል። ዝም ያለውን በሹል ብረት ሁለት ቦታ እበሳዋለሁ። አንዱ ለውሃው መውጫ፣ አንዱ ለአየሩ መግቢያ። ከዚያ ነው ጆንያ የሚገባው።

ይኸው ነው ሙያዬ። ሠላሳ ስምንት ዓመት። ማቅለጫው ቤት የሁሉም ሰው ጆንያ መሬት ላይ ተዘርግፎ ነው የሚፈተሸው። የእኔ አይፈታም። "የሽማግሌው ነው፣ ይለፍ።" ይህን የሚለው ቅንድበ ቢሱ ነው፣ የእቶኑ አለቃ። ቅንድቡን የወሰደበት እንዲህ ያለ የተደፈነ ቱቦ ነው። ከጎኑ የቆመውን ሰው ደግሞ አንድ ዓይኑን። እንግዲህ ይህ ሰው "ይለፍ" ሲል ዝም ብሎ ቃል አይደለም። ራሱን ነው የሚሰጠኝ።

ሰኔ 11

ዘንድሮ ዝናቡ ለስላሳ ነው። ቆርቆሮ ጣራችን ላይ ኮቴው አይሰማም። እንዲህ ስል ባለቤቴ ብዕሯን ይዛ አየችኝ። "ለስላሳ?" አለች። "አዎ፣ ለስላሳ። ጻፊ።" ጻፈች።

ደግሞ ሰዉ ሁሉ ማንሾካሾክ ጀምሯል። ባለሱቁም፣ የማዶዋ ጎረቤታችንም። ድሮ ሰው አፉን ሞልቶ ነበር የሚናገረው። ምን ነካው ሰዉን?

ሰኔ 15

ምራቴ ዛሬ ጓንት አጥልቃ ግቢ ወጣች። ልጄ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፣ አንዳንዴ ወር ሙሉ አናየውም። እሷ መንገድ ዳር ባለው ክፍላችን የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። ትሠራ ነበር ይሻላል። ሰዉ አሁን የተሰፋ ልብስ ገዝቶ ይለብሳል። እጇ ሥራ ሲፈታ ከሚያዝያ ወዲህ የጆንያ አፍ ትሰፋልኛለች። በወፍራም መርፌ፣ በሲባጎ። እኔ ለይቼ እሞላለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። የእኔ አሰር ሁሌ መንገድ ላይ ይፈታ ነበር። የእሷ ስፌት እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች።

"አባባ፣ የማጠቢያውን ሞተር እኔ ልፍታው?"

"ይሄ የጨርቅ ሥራ አይደለም።"

"ጨርቅም መጀመሪያ ይተረተራል፣ አባባ።"

"በይ ተርትሪው" አልኳት። እኔ ሞተር በመጥረቢያ ፈንክቼ ነው መዳቡን የማወጣው፣ ግማሹ ተቆራርጦ፣ ግማሹ እዚያው ቀርቶ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ብሎን መፍቻ ይዛ፣ አንዲት ብሎን ሳትጥል ፈታችው። ሽቦውን ክር እንደሚጠቀለል እንጨት ላይ ጠቅልላ አመጣችልኝ። አንድም ቦታ አልተበጠሰም። ከአንድ ሞተር ይህን ያህል መዳብ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

"ደህና ነው" አልኳት።

ደህና ብቻ አልነበረም። ግን ይህን እንዳትነግሪያት፣ ደብተሩ ላይ ይቅር።

ሰኔ 19

የጋሪው ጎማ ተነፈሰ። ተሠራ። ሌላ የለም።

ሰኔ 23

ከአንድ የፈረሰ ማደሪያ ስድስት የብረት አልጋ አመጣሁ። ጥሩ ብረት፣ የድሮ። አሁን እንዲህ አይሠሩም፣ አሁን ላሜራ ጠቅልለው አልጋ ይሉታል። እግሮቹን እንደተደፈኑ በመጋዝ ከጎኑ ብረት ለይቼ አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ሃያ አራት እግር። ሦስቱን በሳሁ፣ ውሃ ወጣ። ሌላው ባዶ። ጆንያ ሞላሁ።

ምራቴ ልትሰፋ መጥታ አንዷን እግር ከጆንያው አወጣች። ጭኗ ላይ አስተኝታ መዳፏን ዘረጋችባት። በመርፌዋ መግፊያ ብረት ጠቅ ጠቅ አደረገቻት።

"አባባ፣ ይቺን አንዴ ይዩዋት።"

"ምን ሆነች?"

"ውሃ ያላት ይመስለኛል።"

"ሰማሽው?"

"አይ... በእጄ ነው።"

"በእጅሽ ሰማሽ?" ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። "እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጆሮዬን ሳደክም መዳፍ ኖሮኛል ለካ።"

ተቀብዬ ሦስቴ መታሁ። በደንብ አድርጌ። ባዶ ናት። "ክተቻት" አልኳት። "እሺ አባባ" አለች። እሺ ስትል ግን ባለቤቴን አየቻት። ባለቤቴ መሬት አየች።

ሴቶች ሲተያዩ አልወድም።

ሰኔ 24

ጭነት ሄደ። በተከራየነው ባለ ሦስት እግር የጭነት መኪና፣ ስምንት ጆንያ።

ማቅለጫው ቤት ስገባ ሁሌም ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ለማንም አይደለም፣ ለእቶኑ ነው። ሲከፈት ፊት ይለበልባል፣ ሰው ያለ ፈቃዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ቅንድበ ቢሱ አይልም። ፊት ለፊቱ ቆሞ ብረቱ የደረሰና ያልደረሰ መሆኑን በቀለሙ ያውቃል። የሙቀት መለኪያ ገዝተውለት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አያየውም። አቧራ ጠጥቷል መለኪያው። ወጣቶቹ ሠራተኞች መጀመሪያ እሱን ያያሉ፣ ቀጥሎ መለኪያውን ያያሉ፣ ሁሌም ይገጥማል። ወንድ ማለት ይሄ ነው።

"ጋሼ፣ አሁንም አሉ?" አለኝ።

"አንተ ቅንድብ ሳታበቅል አልሞትም።"

ሳቀ። ወደ ሚዛኑ ዞሮ እጁን አወዛወዘ። "የሽማግሌው ነው፣ ይለፍ።" ከኋላዬ ሁለት ነጋዴዎች ጆንያቸው ተዘርግፎ እያንዳንዱ ቱቦ እየተገለበጠ ነበር። አዩኝ። እኔም እንዳዩኝ አየሁ። ይሄ ቃል ከዋጋው ይበልጥብኛል። እንዲህ ብለሽ ጻፊው።

ሐምሌ 2

የማዶዋ ጎረቤታችን አጥር ላይ ተንጠልጥላ ተጣራች። ሁለቴ ነው አሉ የተጣራችው።

"ጋሼ፣ ድሮ ያንኳኩ ነበር። አሁን እኮ ቤት የሚያፈርሱ ነው የሚመስለው። መደርደሪያዬ ላይ ብርጭቆው ይጨፍራል።"

"ብርጭቆሽን ወደ ጓዳ አስገቢው።"

"እኔንስ የት ያስገቡኛል?"

ተሳሳቅን። ሄደች። ግን... እውነት በርትቼ ነው የምመታው? ድሮ በመዶሻው ጫፍ ነካ ሳደርገው ይበቃኝ ነበር። ጉልበት ጨምሬ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ጉልበት ይጨመራል?

ሐምሌ 8

ሞረዴ ጠፋ። ስሞላ ጆንያ ውስጥ ወድቆ ይሆናል ብዬ የተሰፋውን አንዱን ፈታሁ። ሞረዱ አለ። ከሞረዱ ጎን አንድ ቱቦ አለ። ቱቦው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ።

እኔ ያልበሳሁት ቀዳዳ።

የእኔን ቀዳዳ አውቀዋለሁ። በሹል ስለምመታ አፉ የተቀደደ ነው፣ እጅ ይቧጭራል። ይሄ ክብ ነው። ልቅም ያለ፣ በመሰርሰሪያ የተሠራ። ጠርዙ ሳይቀር በሞረድ ተለስልሷል። ሌላ ጆንያ ፈታሁ። እዚያም አለ። ሦስተኛውን ፈታሁ፣ አራተኛውን ፈታሁ። ሰባት ቱቦ። ሰባቱንም እኔ አንኳኩቼ ባዶ ናችሁ ብዬ ያለፍኳቸው።

ማን በሳቸው ብዬ አልጠይቅም። በዚህ ቤት ያለው መሰርሰሪያ አንድ ነው። ልጄ ለሚስቱ መደርደሪያ ሊሰቅልላት የገዛው።

በገዛ ግቢዬ፣ ከጀርባዬ። እኔ የፈረድኩትን ብረት። ባዶውን ቱቦ እየበሳች ስሜን ትበሳለች። አንድ ሰው ቢያይ፣ "ሽማግሌው አርጅቷል፣ ምራቱ ናት የምታርምለት" ቢል...

ይህን ስናገር የባለቤቴ ብዕር ቆመ። "ምነው?" አልኳት። "ቀለሙ ደረቀ" አለች። አራግፊው አልኳት። አራገፈችው።

ሐምሌ 9

ጠዋት ሰባቱን ቱቦ የስፌት መኪናዋ ላይ ደረደርኳቸው። ቀና አላለችም። የሰው ሱሪ እያጠበበች ነበር፣ መስመሩን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ቱቦ ነው፣ አባባ።"

"ቱቦ መሆኑን እኔ አስተምሬሻለሁ። ቀዳዳውን ነው የምጠይቅሽ።"

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምራቴ ተነሳች፣ ከጨርቅ ክምሯ ስር እጇን አስገብታ አንድ ነገር አወጣች። የአልጋዋ እግር። ያቺው፣ የሳቅኩባት። ማቅለጫው ቤት ሄዳለች ብዬ የማስባት።

"ሌሎቹን በሳኋቸው" አለች። "ይቺን ግን ስለሳቁብኝ አስቀረኋት። እርስዎ ራስዎ ይብሷት።"

ተቀበልኳት። መታኋት። ባዶ። ደግሜ መታኋት። ባዶ ናት እኮ! ግቢ ወጣሁ፣ ድንጋይ ላይ አጋደምኳት፣ ሹሉን ደገንኩ፣ አንዴ አሳረፍኩ። ገልብጬ ሌላውን ጫፍ በሳሁ።

ውሃ ወጣ። ቀይ፣ ዝገት የሸተተ፣ የጫማዬን አፍ እስኪሞላ። ትልቅ ኩባያ ሙሉ ይሆናል። ይፈስሳል፣ ይፈስሳል፣ አያልቅም። ሦስታችንም ቆመን አየነው።

"ስንት ናቸው?" አልኩ።

"ከዚህች ጋር ሃያ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከግንቦት። አንዱን ጆንያ ስሰፋ አንድ ቱቦ እጄ ላይ ከበደኝ። ለእማማ ነገርኳት። እሷ... ትንሽ እንጠብቅ አለች።"

"ከግንቦት በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት ያለውን አላውቅም፣ አባባ።"

እኔም አላውቅም።

ሐምሌ 10

አልሠራሁም።

ሐምሌ 12

ዛሬ ዘነበ። አንገቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ ጣራውን አየሁ። ከመውረጃው ቱቦ ውሃው በባልዲ እንደሚደፋ ነው የሚወርደው። ባለቤቴን "ጣራው ይጮኻል?" አልኳት። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ "አዎ" አለች። "በጣም?" "በጣም።"

ሰኔ 11 ያስጻፍኩትን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። ልሰርዘው አለች። አይ፣ ይቀመጥ።

ሐምሌ 14

ከባለቤቴ ጋር ተጨቃጨቅን።

"ለማንም አትንገር" አለች። "ምን ጎደለ? አንተ ታንኳኳለህ፣ ልጅቷ ከኋላህ ታያለች፣ ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። ቅንድበ ቢሱ የት ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያስ?"

"እንግዲያስማ ይሄ ሰው እኔን አምኖ እቶን ፊት ይቆማል። የሚያምነው ጆሮዬን ነው። ጆሮዬ ደግሞ የለም።"

"እጇ አለ እኮ።"

"በእጇ መተማመኑን ይወቀዋ።"

"ጆንያህን መፍታት ይጀምራሉ። በሰው ፊት።"

አውቀዋለሁ። ከሁለት ቀን ጀምሮ ሌላ የማስበው ነገር የለም። ያቺን "ይለፍ" የምትል ቃል ለማግኘት ስንት ዓመት ፈጀብኝ... ስድስት? ሰባት? እስከዚያ የእኔም ጆንያ እንደ ማንም ይዘረገፍ ነበር። አሁን ደግሞ በገዛ አፌ ልመልሰው?

ከሰዓት ምራቴን ጠራኋት። "በእጅሽ እንዴት ነው የምታውቂው?" አልኳት። ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ተጽፎ ይታይ።

የስፌት መኪናው ነው ያስተማረኝ አለች። መንገድ ዳር ነው የሚሠራው፣ መኪና ይጮኻል፣ የባለሱቁ ሬዲዮ ይጮኻል፣ የስፌት መኪናው ድምፅ መቼ እንደተበላሸ በጆሮ አይያዝም። ስለዚህ ግራ እጇን ሁሌ መኪናው አንገት ላይ ታሳርፋለች። ክሩ ሊበጠስ ሲል፣ መርፌው ሊደንዝ ሲል፣ ከጆሮ በፊት መዳፍ ያውቃል። "ቱቦውም እንደዚያው ነው፣ አባባ። ባዶው እስከ ጫፍ ይነዝራል። ውሃ ያለበት መሃል ላይ ይደክመዋል።"

ይደክመዋል አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ ለዚህ ነገር ቃል አልነበረኝም። ዝም ይላል ነበር የምለው። የእሷ ይበልጣል። ይህቺ ልጅ ማንም ሳያስተምራት፣ ማንም ደህና ሳይላት፣ እየተሳቀባት ነው ይህን ያገኘችው። ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ እየበሳች፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ለምን ሞረደችው? ጠየቅኳት። "የጫኑት ሰዎች እጃቸው እንዳይቧጨር" አለች።

የእኔ ቀዳዳ የስንቱን እጅ ቧጭሯል?

ሐምሌ 17

ሄድን። እኔና ምራቴ። ስድስት ጆንያ።

ቅንድበ ቢሱ ከሩቅ አይቶ እጁን ሊያወዛውዝ አነሳ። "ቆይ፣ አታሳልፍ" አልኩ። ሠራተኞቹ ዞሩ። ኮፍያዬን አውልቄ እጄ ላይ ያዝኩ።

"ጆሮዬ ሞቷል" አልኩት። "መቼ እንደሞተ አላውቅም። ከግንቦት ወዲህ የመጣልህን ይቺ ምራቴ ናት ያጠራችው፣ እኔ ሳላውቅ። ሃያ ቱቦ ውሃ እንደያዘ አሳልፌ ነበር። ከግንቦት በፊት ምን እንደላክሁብህ አላውቅም።"

አሁን ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ያችን ቅንድብ የሌላትን ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረጋት። ያን ሲያደርግ ሳየው ከስድብ ከፋብኝ።

"ፍቱት" አለ።

ፈቱት። ሦስት ሰው ስድስቱንም ጆንያ መሬት ላይ ዘረገፈው። እንደ ማንም። ሰዉ ያያል። ሚዛን ሠራተኛው እንኳ ዓይኑን መለሰ፣ አፍሮልኝ። ቆሜ ጠበቅሁ። ረዥም ነበር። እያንዳንዱን ቱቦ አገላበጡ። የተደፈነው ሁሉ ሁለት ሁለት ቀዳዳ፣ ክብ፣ ጠርዙ የለሰለሰ። ውሃ የያዘ አንድም አላገኙም።

ቅንድበ ቢሱ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይሄ አልበቃውም። ከሌላ ነጋዴ ክምር ስድስት ቱቦ አንስቶ ምራቴ እግር ስር አስቀመጠ። "በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል" አላት፣ "ንገሪኝ።"

እቶኑ ያገሳል። ጩኸቱ ለእኔ እንኳ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። እሷ በርከክ አለች። ቀሚሷን ሰበሰበች። ጓንቷን አወለቀች። አንድ በአንድ ግራ መዳፏን እያሳረፈች በመርፌ መግፊያዋ ጠቅ። ጠቅ። አልቸኮለችም። ዙሪያዋን ሃያ ወንድ ቆሞ እያያት ቀና ብላ አላየችም። የሰው ልክ ስትለካም እንዲሁ ናት፣ ሰውዬውን አታየውም፣ ልኩን ነው የምታየው።

አንዱን ወደ ጎን አደረገች። "ይሄ ውሃ አለው።"

ሌላ አንዱን ሁለቴ ነካችው። ግንባሯን ቋጠረች። "ይቺ ውሃ አይደለችም። ግን ባዶም አይደለችም።"

በሱ። ከመጀመሪያው ውሃ ወጣ። ከሁለተኛው አሸዋ ወጣ። ደረቅ አሸዋ፣ ሹር እያለ። ቀሪዎቹን አራት ለማረጋገጥ በሱ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ።

ቅንድበ ቢሱ አሸዋውን በጫማው ጫፍ በተነው።

"ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ለእኔ ይስጡኝ።"

"ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ይገጭሃል።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ልቤ ተንጠልጥሎ ያቺን ቃል ጠበቅኳት። አላላትም።

"ሦስት ወር ጆንያችሁ ይፈታል" አለ። "ከዚያ እናያለን። ቂም እንዳይዙብኝ፣ ጋሼ።"

ምን ቂም? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ዓመት ነበር የምለው። በመንገድ ላይ ያሰብኩት ይህን ነው። ያ ሰው እንዲህ ባይሆን ኖሮ፣ ድሮ "ይለፍ" ማለቱም ዋጋ አልነበረውም።

ቤት ስንደርስ ምራቴ "አባባ፣ ባይናገሩም እኮ..." ብላ ጀመረች። "በይ ወደ ሥራሽ" አልኳት። ክፉ አልተናገርኩም።

ነሐሴ 6

መዶሻውን ሰጠኋት። እጀታውን ልጄ ትንሽ ሳለ ነው የቀየርኩት። እሷ ግን መርፌ መግፊያዬ ይሻለኛል አለች። መዶሻውን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፣ ልክ እንደ ቅንድበ ቢሱ መለኪያ።

እኔ እሰበስባለሁ፣ ማግኔትና ሞረዱ የእኔ ነው። ዓይኔ አልሞተም። መዳብን ከአጥር ማዶ አውቀዋለሁ። ቱቦ የእሷ ነው።

ነሐሴ 13

"እጅዎን ይስጡኝ" አለችኝ። መዳፌን ቱቦው ላይ አስተኛችው። ጫፉን ጠቅ አደረገች።

"ምን አለ?"

"ምንም።"

"አሁንስ?"

"ምንም አላልኩሽም?"

መዳፌ ጠንካራ ነው፣ የብረት ሰው መዳፍ፣ እንደ ጫማ ሶል። ቀስ ብላ የእጄን አንጓ ገልብጣ፣ ቆዳው ስስ በሆነበት በኩል አሳረፈችው። ጠቅ።

የሆነ ነገር እንደ ጉንዳን ሄደ። ወይስ መስሎኝ ነው?

ነሐሴ 20

ስድስት ቱቦ ሞከርኩ። አራት ተሳሳትኩ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ትስቃለች። "አርጅተህ ትምህርት ቤት ገባህ" አለች። ይገባኛል። ሳቂ።

ጥቅምት 21

ሦስት ወር ሞላ። ዛሬ ሰባት ጆንያ ይዘን ሄድን። የእሷ ስፌት፣ የእሷ ቀዳዳ።

ቅንድበ ቢሱ እቶኑ ፊት ነበር። ሚዛን ሠራተኛው የማን ነው ብሎ ጠየቀው መሰለኝ። ቅንድበ ቢሱ ገልመጥ ብሎ አይቶን አንድ ነገር ተናገረ። እጁን አወዛወዘ። ሰዎቹ ጆንያውን ሳይፈቱ አንስተው ሚዛን ላይ አደረጉ። ሰባቱንም። አንድ ክር አልተቆረጠም።

"ምን አለ?" አልኳት ምራቴን።

አቀረቀረች። "ጫኑት አለ፣ አባባ።"

ዋሸችኝ። ጆሮዬ ይሙት እንጂ ከክረምት ወዲህ የሰው አፍ ማየት ተምሬያለሁ። አፉን አይቻለሁ። "የልብስ ሰፊዋ ነው፣ ይለፍ" ነው ያለው። የሽማግሌው አላለም። ቅር እንዳይለኝ ብላ ነው የደበቀችኝ፣ ያኔ ቱቦዎቹን እንደደበቀችኝ። ምን ዓይነት ልጅ ናት?

ኮፍያዬን እንደያዝኩ ቆየሁ። ያን ቃል በራሴ ስም ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ጻፊው።

ቤት ስንገባ ደጃፉ ላይ የቆየ የብረት አልጋ ተደግፎ ጠበቀን። የማዶዋ ናት ያመጣችው፣ "ለብርጭቆዎቼ ሰላም" ብላ። ቆራረጥኩት። ምራቴ አንዱን እግር ያዘችልኝ፣ እኔ የእጄን አንጓ አሳረፍኩ፣ እሷ ጠቅ አደረገች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከጫፉ ተነሳ፣ መጣ፣ መጣ፣ መሃል ላይ ደከመው።

"ውሃ" አልኩ።

መሰርሰሪያውን አምጥታ ሰጠችኝ። በሳሁት።

ጫማዬ ራሰ።